ለደረቅ ግቢ አፕቴኒያ

«የግቢዬ ሣር በየበጋው ይደርቅብኛል። ውኃችን በፈረቃ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብብ፣ መሬት የሚሸፍን ምን ልትከል?» ላልሽው እህቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ያየሁትን ልንገርሽ። አፕቴኒያ ትከዪ።

አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበች ትሄዳለች፤ አንጓዋ አፈር ከነካ ሥር ያወጣል። ቅጠሏ ወፍራም፣ ውኃ የቋጠረ ነው። ፀሐይ ላይ ጠጋ ብለሽ ስታዪው እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። ድርቅ ሲጠናባት የቅጠሏን ቀዳዳዎች ቀን ዘግታ ሌሊት ትከፍታለች፤ ውኃዋ ቶሎ የማያልቀው ለዚህ ነው። አበባዋ ትንሽ፣ ደማቅ ሮዝ ናት። ረፋድ ላይ ትፈካለች፣ ሲመሽ ትከደናለች። ንብ አይጠፋባትም።

ችግኝ በብዛት አትግዢ፤ ካለው ጎረቤት አንድ እቅፍ ለምኚ። የጣት ርዝመት እያደረግሽ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፊ። ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይና 30 ሳንቲ ሜትር እያራራቅሽ ትከዪ። መስከረም መግቢያ ጥሩ ነው፤ የዝናቡ ማብቂያ ሥር ያስይዝልሻል። ሥር እስክትይዝ አጠጪያት። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ አትክልት የታጠበበት ውኃ ይበቃታል።

እሷን የሚገድላት በጋው ሳይሆን ክረምቱ ነው። ግቢሽ መረሬ ከሆነ በጣም ተጠንቀቂ። ጥቁር አፈር ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ይይዛል፤ ግንዷ ይጠቁርና ይበሰብሳል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊ፤ አሸዋ ወይም ሬዳሽ ቀላቅዪበት። ፍግ አታብዢ፣ ቅጠል ብቻ ትሆንብሻለች።

ሌላው ጠላት ሰርዶ ነው። አንዴ መሐሏ ከገባ መከራ ነው፤ እሱን ስትነቅዪ እሷም አብራ ትመጣለች። ስለዚህ ለመትከል አትቸኩዪ። አፈሩን ቆፍረሽ ፀሐይ ይምታው፣ የሰርዶውን ሥር አንድ በአንድ ልቀሚ፣ እንደገና ብቅ ሲል ደግመሽ ልቀሚ። እዚህ ላይ የደከምሽው ድካም በኋላ ያሳርፍሻል።

እንደ ሣር አትረገጥም፤ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ላይ አይሆንም። እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚበረታበት አገር ያሉ ዘመዶችሽም ባይሞክሯት ይሻላል። ስትከረክሚያት ደግሞ ቁራጩን ወንዝ ዳር አትጣዪ። የወደቀችበት ትበቅላለች፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከግቢ ወጥታ ዱር ገብታለች።

ቦታው በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል? ጻፊልኝ። ግማሽ ቀን ካገኘ አታመንቺ። የዛፍ ጥላ ከሆነ ግን ቅጠሏ ይለመልማል እንጂ እንደምትፈልጊው አታብብም፤ ሌላ እንመርጣለን።