በኩሬዬ ያለው ቆሮሶ በዛ እንጂ አላደገም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ 400 የቆሮሶ ጫጩት ከለቀቅሁ 8 ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ጥሩ አደጉ። አሁን መረብ ስጥል ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይግተለተላሉ፤ ለገበያ የሚሆን ግን ጥቂት ነው። ዘሩ ደካማ ነው ወይስ ምግቡ አነሰ?

መልስ፦ የዘሩ ችግር አይመስልም። ምግቡም ለለቀቋቸው 400 ዓሦች ይበቃ ነበር፤ ያነሰው ሳይጠሩ ለመጡት ነው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ከ3 እስከ 6 ወር ዕድሜው መራባት ይጀምራል፤ ውሃው ከተጨናነቀ ደግሞ 30 ግራም ያህል ብቻ መዝኖም ይራባል። 100 ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል 100 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም እንቁላሉንም የተፈለፈሉትንም በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙው ይተርፍላታል፤ ውሃው ሞቃት ከሆነም በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ትደግማለች። ከ400ዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ 200 እናቶች አሉዎት ማለት ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። መረብ ሲጥሉ 10 ሴንቲሜትር የሚያህሉትን ይያዙና አፋቸውን በቀስታ ከፈት ያድርጉ። ቢጫ እንቁላል ወይም ዓይናቸው እንደ ጥቁር ነጥብ የሚታይ ጫጩቶች ካገኙ፣ የያዟት ዓሣ ጫጩት ሳትሆን እናት ናት። ጭንቅላቱ ገዝፎ ገላው የሳሳ ዓሣም የቀጨጨ ነው።

ኩሬ የሚሸከመው በኪሎ እንጂ በቁጥር አይደለም። ኩሬዎ አሁን በሚያገኘው ምግብ 60 ኪሎ ዓሣ ይሸከማል እንበል። 400 ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 150 ግራም ይደርሳል፤ 4,000 ከሆኑ ያው 60 ኪሎ በ15 በ15 ግራም ይከፋፈላል። ጥቂት ሳሉ ምግቡ ተርፏቸው በፍጥነት ያድጋሉ፤ ኩሬው ሊሞላ ሲል ዕድገቱ ይዘገይና የሚበሉት ሁሉ ነፍስ ለማቆየት ብቻ ይሆናል። ቆሮሶ ደግሞ እንዲህ ሲጠበው ከመሞት ይልቅ ትንሽ እንደሆነ መራባቱን ይቀጥላል።

መኖ ቢጨምሩ የኩሬው አቅም ከፍ ይላል፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ኦክስጅን ይገድበዋል። የተረፈው መኖ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን ኦክስጅን ቢያመርትም ሌሊት ራሱ ይጠቀማል። ስለዚህ አደገኛው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። ያን ጊዜ ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካዩ የዚያን ዕለት መኖም ፍግም አይጨምሩ፤ ንጹህ ውሃ ያስገቡ። ክንድዎን ወደ ውሃው ሲያስገቡ ገና ክርንዎ ሳይነካ መዳፍዎ ከጠፋ አልጌው ከመጠን በላይ በዝቷል።

ትልልቆቹን ብቻ እየመረጡ ማውጣት መፍትሔ አይሆንም፤ የሚቀሩት የቀጨጩት ናቸው፣ በተለቀቀላቸው ምግብም ይራባሉ። ኩሬውን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭቃው ላይ የቀሩትን ትንንሽ ውሃዎች ችላ በማለቱ ነው፤ ጫጩቶች እዚያ ውስጥ ተርፈው አዲሱን ዙር ያበላሹታል። የኩሬው ወለል እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ፤ የውሃ መግቢያውንም በወንፊት ይሸፍኑት። የቀጨጩትን መልሰው አይልቀቁ፤ ለምግብ ወይም ለመኖ ይጠቀሙባቸው።

ለአዲሱ ዙር በካሬ ሜትር 2 ዓሣ ይበቃል። ቢቻል ወንዶቹን ብቻ ይልቀቁ፤ ፈጥነው የሚያድጉትም እነሱ ናቸው። 30 ግራም ሲሞላቸው ገልብጠው ከሆዳቸው ሥር ይመልከቱ፤ ወንዱ 2 ቀዳዳ፣ ሴቷ 3 አላት። ቀለም ጠብ ቢያደርጉበት ይበልጥ ይለያል። የለመደ ሰውም ስለሚሳሳት የተወሰኑ ሴቶች ማምለጣቸው አይቀርም። እነዚህ ሴቶች የሚፈለፍሏቸውን ጫጩቶች እንዲበላልዎ አምባዛ የተባለውን ዓሣ ይጨምሩ፤ ከ10 እስከ 20 ቆሮሶ 1 አምባዛ ለመነሻ ይሆናል። ሲለቀቅ ግን አምባዛው ከቆሮሶዎቹ ማነስ አለበት፤ ካለበለዚያ የሚበላው ጫጩቶቹን ሳይሆን የእርስዎን ዓሦች ነው።

በየወሩ ከ30 እስከ 40 ዓሣ መዝነው አማካዩን ይጻፉ። መኖው ሳይቀንስ፣ ውሃውም ሳይቀዘቅዝ የወሩ ጭማሪ ካለፈው ወር ካነሰ ኩሬው ሊሞላ ነው፤ ዕድገቱ እስኪቆም ሳይጠብቁ ለገበያ የደረሱትን ያውጡ።