ባቡር ነጂውን ማን ይየው? ጥያቄና መልስ

ስለ ባቡር ደህንነትና ክትትል የላካችኋቸውን ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ካሜራ ነው። እኔን ግን ከካሜራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀረጻው ማን እጅ እንደሚገባ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ነጂው ክፍል ካሜራ ቢገባ ምን ችግር አለው? ጥፋት የሌለበት ሰው ምን ያስፈራዋል?

ወንድሜ፣ የጃፓኑን የአማጋሳኪ አደጋ ልንገርህ። ኤፕሪል 25 ቀን 2005 ነው። አንድ የ23 ዓመት ነጂ ኢታሚ ጣቢያ ላይ መቆሚያውን 72 ሜትር ያህል አልፎ ሄደ። ወደ ኋላ ተመልሶ ተሳፋሪ ጫነ፤ በዚህም ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገየ። ይሄ ለእኛ ምንም ነው። እዚያ ኩባንያ ውስጥ ግን «ኒኪን» የሚባል ማረሚያ ስልጠና ያስከትላል። ስሙ ስልጠና ይሁን እንጂ ዋናው ሥራው ስድብና የጥፋተኝነት ጽሑፍ ደጋግሞ መጻፍ ነበር። ልጁ ከዚያ በፊት ቀምሶታል።

ስለዚህ ኮንዳክተሩን በውስጥ ስልክ «ትንሽ ቀንስልኝ» ብሎ ለመነው። ኮንዳክተሩም ለቁጥጥር ማዕከሉ በሬዲዮ 8 ሜትር ብሎ ሪፖርት አደረገ። መርማሪዎቹ እንደሚሉት ነጂው ያንን ንግግር እያዳመጠ ሳይሆን አይቀርም ፍሬን ሳይዝ የቀረው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት ኩርባ 116 ያህል እየበረረ ገባ። ባቡሩ ከሀዲድ ወጥቶ አፓርታማ ውስጥ ተሰነቀረ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰው ሞተ።

ልብ በል፣ ይሄ ሰው ክትትል አላነሰውም። ሰከንዱ ሳይቀር ይቆጠርበት ነበር። ኩባንያው ሳያስበው የተሳሳተን ሠራተኛ መቅጣትን ያስቀረው በ2016 ነው፤ ያውም ከ11 ዓመት በኋላ!

ጥያቄ፦ ታዲያ ክትትል ይቅር እያልክ ነው?

ኧረ በፍጹም። በ2008 ካሊፎርኒያ፣ ቻትስወርዝ ላይ ነጂው ስልኩ ላይ መልእክት ሲጻጻፍ ቀይ መብራት አልፎ ከዕቃ ጫኝ ባቡር ጋር ተጋጨ። 25 ሰው አለቀ። በዓመቱ ነጂዎቹ ክፍል ካሜራ ተገጠመ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ፍርድ ቤት ሄደ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን ያ አይደለም። አደጋው በደረሰበት በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ነጂው ቀይ ሲያልፍ ባቡሩን ራሱ የሚያቆም ሥርዓት እንዲገባ አስገደደ። ካሜራው የሚናገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ስህተቱን በገዛ አፉ ይናገራል እንዴ?

ስሙ ካልወጣ ይናገራል። ስኮትላንድ ውስጥ በ1996 ሠራተኞች በምስጢር ለገለልተኛ አካል የሚያሳውቁበት አሠራር ተጀመረ፤ ሲራስ ይባላል። በ1999 ለንደን፣ ላድብሮክ ግሮቭ ላይ 31 ሰው ከሞተ በኋላ ነው በመላ ብሪታንያ የተስፋፋው። እዚያ አደጋ ላይ የታለፈው ቀይ መብራት ከዚያ በፊት በስድስት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ታልፏል። ተመዝግቧል። ሁሉም ያውቃል። መዝገቡን አንብቦ መብራቱን ያስተካከለ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ጣቢያ ላይ ያለው ካሜራ ሽብር ያስቆማል?

ጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ የደረሰውን የቦምብ ጥቃት አላስቆመም፤ አጥፊዎቹን ለመለየት ግን በጣም ረዳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፖሊሶች ሌላ ሰው መስሏቸው አንድ ንጹሕ ብራዚላዊ ስቶክዌል ጣቢያ ባቡር ውስጥ ገደሉ። ከቤቱ ጀምረው ሲከታተሉት ነበር። ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። እኛ መልካችን ከሩቅ የሚለየን ስደተኞች ይሄ ይገባናል።

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ ነጂው ጣቱን እየቀሰረ ብቻውን ያወራል። ምን ነካው?

ጤነኛ ነው፣ እህቴ! የመብራቱን ቀለም እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይጠራል። ዓይን፣ እጅና አፍ አንድ ላይ ሲሠሩ መዘናጋት ይቀንሳል። ልጆች ከኋላው በመስታወት ቆመው ያዩታል፤ በዚህ ክትትል ሲማረር የሰማሁት ነጂ የለም።