«ጽሑፉ አይታየኝም» ለምትሉ፦ በብራውዘር ላይ ስለ ፊደል መጠን ጥያቄና መልስ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ጽሑፍም እተይባለሁ። ሱቄ ከሚመጣው ሰው ብዙው ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ፣ ዓይኑን አጨናብሶ ነው የሚያነበው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መፍትሔው በእጁ ነው። ዛሬ ከሰዓት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ሪዞሉሽን (ስክሪኑ በስንት ነጥብ እንደሚያሳይ የሚወስነውን ቁጥር) አትንኩ። «ፊደል አሳድጋለሁ» የሚል አፕ አታውርዱ።

ከአቶቴ፣ ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ ጋዜጣ የማነበው ልጆቼ በገዙልኝ ላፕቶፕ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ሆነብኝ። አንዴ አስተካክዬው ሁልጊዜ እንደዚያው የሚቆይበት መላ የለም?

መላሽ፦ አለ እንጂ ጋሼ። ለጊዜው ከሆነ ኮንትሮልን እንደተጫኑ የመደመር ምልክቷን ይንኩ። ለመቀነስ የመቀነሷን፣ ወደ ነበረበት ለመመለስ ዜሮን። ይሄ ዙም ነው። ክሮም (ድረ ገጽ ከምንከፍትባቸው ብራውዘሮች አንዱ) ዙምን የሚያስታውሰው በየድረ ገጹ ነው። አንዱን ጋዜጣ 125 በመቶ ካደረጉት ነገም 125 ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ ሌላው ግን እንደነበረ ነው።

ቋሚ ለማድረግ ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፣ ሴቲንግስ ይግቡ፣ አፒራንስ የሚለውን ይክፈቱ። «ፎንት ሳይዝ» እና «ፔጅ ዙም» ያገኛሉ። ፔጅ ዙም ሥዕሉንም ሳጥኑንም አብሮ ያሳድጋል። ፎንት ሳይዝ ጽሑፉን ብቻ። «ሚዲየም» 16 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ነው፣ «ላርጅ» 20፣ «ቬሪ ላርጅ» 24። ላርጅ ያድርጉት። አንዳንድ ድረ ገጽ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚወስነው ፎንት ሳይዝን አይሰማም። ያኔ ፔጅ ዙሙን 110 ወይም 125 ያድርጉት።

ከታቦር፦ ስልክ ላይስ? በሁለት ጣት ሳሳድገው ዓረፍተ ነገሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ግራ ቀኝ ስጎትት እውላለሁ።

መላሽ፦ በጣት ስታሳድገው ገጹ እንዳለ ይጎላል እንጂ መስመሩ አይታጠፍም። ለማንበብ አይሆንም። አንድሮይድ ከሆነ ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ግባ፣ መጠኑን የምትገፋበት መስመር አለ። በእሱ ስታሳድግ ጽሑፉ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር እያስተካከለ ይወርዳል። እዚያው «ፎርስ ኢኔብል ዙም» የሚል አለ። በጣት ማሳደግን የሚከለክሉ ድረ ገጾች አሉ፣ እሱን ካበራህ ክልከላው ይነሳል። አይፎን ከሆነ ሳፋሪ ላይ አድራሻው ሳጥን ውስጥ ያለችውን ምልክት ስትነካ ትንሽና ትልቅ «ኤ» ይመጣልሃል።

ከሞኖፖል፦ ዙም ማድረግ ፓኬጅ ይበላል?

መላሽ፦ አይበላም።

ከመናኸሪያ፦ የኔ እምቢ አለ።

መላሽ፦ ምኑ? ስልክ ነው ኮምፒውተር? የትኛው ብራውዘር? ምን ስትነካ ምን ሆነ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ መስጠት አይቻልም።

ከዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ፦ እንግሊዝኛ ሳነብ ምንም አልሆንም። አማርኛ ላይ ግን በዚያው መጠን ዓይኔ ይደክማል። ችግሩ እኔ ነኝ?

መላሽ፦ አንቺ አይደለሽም! እስኪ ይሄን ልብ ብለሽ አንብቢው፣ ሌሎቻችሁም።

የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚሸከመው በጥቃቅን ነገር ነው። «ሉ» እና «ሊ»ን ተመልከቺ። አንዱ መስመሯን ከወገቡ ያወጣል፣ ሌላው ከእግሩ። «ሌ» እግሩ ላይ ቀለበት አለው። 12 ፒክሰል ላይ ያቺ መስመር አንዲት ነጥብ ታህላለች። ቀለበቷ ትደፈናለች። ዓይንሽ ፊደሉን አይቶ ሳይሆን ከቃሉ ገምቶ ያነባል፣ ድካሙ ከዚያ ነው። እንግሊዝኛው በዚያ መጠን ይተርፋል፣ አማርኛው አይተርፍም። ድረ ገጹን የሠራው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጠኑን የሚመርጠው እንግሊዝኛውን እያየ ነው። ስለዚህ አማርኛን ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊ።

ፋየርፎክስ ላይ ይሄን ለፊደላችን ብቻ ማድረግ ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ ፎንትስ፣ ቀጥሎ አድቫንስድ። «ፎንትስ ፎር» ከሚለው ዝርዝር «ኢትዮፒክ»ን ምረጪ። «ሚኒመም ፎንት ሳይዝ»ን 18 ወይም 20 አድርጊው። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ከዚያ በታች አይወርድም፣ እንግሊዝኛው ግን ባለበት ይቆያል። ይሄ የሚሠራው ገጹ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ ካስታወቀ ነው። ካልሠራልሽ በ«ላቲን» እና በ«አዘር ራይቲንግ ሲስተምስ» ሥርም ያንኑ ቁጥር ሙዪ።

የፊደሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ላይ የነበረው ኒያላ ቀጭን ነው፣ የራሱ ወፍራም ፊደልም የለውም። ርዕስ ሲሆን ኮምፒውተሩ አስመስሎ ያወፍረዋል፣ ያኔ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርደሽ ጫኚ፣ ወፍራሙም ለብቻው የተሠራ ነው። ልዩነቱን በመጀመሪያው ገጽ ታዪዋለሽ።

ከፒያሳ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? መነጽር ማድረግ ነዋ።

ከአላሙራ፦ መነጽር በነጻ የሚታደል ይመስልሃል እንዴ? ደግሞ ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰውም በደቃቅ ፊደል ይደክማል።

ከአቶቴ፣ ጡረተኛ መምህር፦ እኔ መነጽር አለኝ ልጆች። ቢሆንም ትልቅ ፊደል ይሻለኛል።

ከፒያሳ፦ ካልሆነ ጨለማ ሞድ አድርጉ። እኔ ሁሉንም ጥቁር አድርጌ ተገላግያለሁ።

ከሐይቅ ዳር፦ እዚህ ቀትር ላይ ና እና በጥቁር ስክሪን አንብብ! የራስህን ፊት ነው የምታየው።

ከፒያሳ፦ ጥላ ውስጥ ተቀመጥ ታዲያ።

መላሽ፦ ወደ ጉዳያችን። መነጽር የዓይን ሐኪም ጉዳይ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ማየት የሚያስቸግር ብዙ ሰው ነው፣ ተመርመሩ። ፊደል ማሳደግ ምርመራን አይተካም፣ መነጽርም ደቃቅ ፊደልን ደግ አያደርገውም። ጨለማ ሞድ ማታ ለሚመቸው ይመቸዋል። ፀሐይ ላይ ግን የሐይቅ ዳሩ እውነቱን ነው፣ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል። የፊደሉን መጠን ግን ጨለማውም ነጩም አይለውጡትም።

ከአረብ ሰፈር፦ አንድ ቤት ወስጄው ሪዞሉሽኑን ቀንሰው ፊደሉን ትልቅ አደረጉልኝ። ግን ደበዘዘ። ስክሪኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ አልተበላሸም። መግቢያዬ ላይ አትንኩ ያልኩት ይሄንኑ ነው። የላፕቶፕ ስክሪን በቁጥር የተወሰኑ ነጥቦች አሉት። 1366 በ768 ከሆነ ያ ነው መጠኑ፣ ጥርት ብሎ የሚያሳየው በዚያ ብቻ ነው። ስትቀንሰው አንዱ የምስል ነጥብ ለምሳሌ ለአንድ ተኩል የስክሪን ነጥብ ይከፋፈላል፣ ጠርዙ ይቀልጣል። ለእኛ ፊደል ደግሞ ጠርዝ ማለት ሁሉ ነገር ነው። የዊንዶውስ ሴቲንግስ ላይ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብተህ «ሪኮመንድድ» ወደሚለው መልሰው። ከዚያ ሪዞሉሽኑን ሳትቀንስ እዚያው ገጽ ላይ «ስኬል»ን 125 አድርግ። ጽሑፍ ብቻ እንዲያድግ ከፈለግህ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ቴክስት ሳይዝ» አለ፣ እስከ 225 በመቶ ይሄዳል።

ከመናኸሪያ፦ ለዙም የሚሆን ጥሩ አፕ ካለ ሊንክ ላኩልኝ።

መላሽ፦ አልልክም። አታውርዱ ብያለሁ። ብራውዘሩ ራሱ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት «የምትከፍቷቸውን ገጾች ሁሉ ላንብብ» ብለው ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ። የባንክ ገጽህም ከእነዚያ መካከል ነው።

ከታቦር፦ ሳሳድገው ማስታወቂያውም አብሮ ያድጋል። ጽሑፉን ብቻ ማየት አይቻልም?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ፋየርፎክስ ላይ ዜና ከፍተህ ኤፍ 9ን ተጫን። ጽሑፉ ብቻ ይቀራል፣ የፊደሉን መጠን፣ የመስመሩን ርቀትና ስፋት እንደምትፈልገው ታደርገዋለህ። ኤጅ ላይም ያው ኤፍ 9 ነው። የመስመሩን ርቀት ሰፋ አድርገው፣ ፊደላችን ከላይ እስከ ታች ቦታውን ስለሚሞላ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ይታፈናል። ሁሉም ገጽ ላይ አይሠራም፣ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ግን ይሠራል።

ከሞኖፖል፦ አንዴ አሳድጌ ቋሚ የሚሆነው እንዴትና የት ነው?

መላሽ፦ ለጋሼ የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ። ሳትጠይቁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ፣ እባካችሁ።

ከሐይቅ ዳር፦ ኦፔራ ሚኒ?

መላሽ፦ ሴቲንግስ፣ ቴክስት ሳይዝ።

ከአላሙራ፦ እኔ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ፊደሉ ሲያድግ ገጹ ይፈርሳል ይላሉ። ከልክዬው ልለፍ?

መላሽ፦ በፍጹም አትከልክል! ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ2008 ጀምሮ ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ሲያድግ ምንም ሳይጠፋ መነበብ አለበት ይላል። የፊደሉን መጠን በፒክሰል ሳይሆን በ«ሬም» (አንባቢው ብራውዘሩ ላይ የመረጠውን መጠን በሚከተል መለኪያ) ጻፈው፣ ያኔ ጋሼ ሴቲንግሳቸው ላይ የመረጡትን 20 ገጽህ ያከብርላቸዋል። ሳጥኖችህን በቁመት አትወስናቸው፣ ጽሑፉ ሲያድግ አብረው ይርዘሙ። ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ኮዱ መጀመሪያ ላይ አስታውቅ። እንግሊዝኛውን 16 ካደረግህ አማርኛውን 18 አድርገው። ከዚያ ገጹን በራስህ ስልክ 200 በመቶ አድርገህ ከላይ እስከ ታች አንብበው። ሠርተህ ስትጨርስ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን።

ከመናኸሪያ፦ እሺ የኔ ክሮም ነው፣ ኮምፒውተር ላይ። ቴሌግራም የተላከልኝን የማስታወቂያ ፎቶ ከፍቼበት ሳሳድገው ፊደሉ ይፈርሳል።

መላሽ፦ አሁን ጠየቅህ። እሱ ጽሑፍ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ፎቶው ከያዘው ነጥብ በላይ ብራውዘሩ ሊጨምርለት አይችልም። የላከልህን ሰው በጽሑፍ ወይም ዋናውን ፋይል እንዲልክልህ ጠይቀው።