ነጋዴው «አልፈልግም» ሲላችሁ

የክፍያ መተግበሪያ ለምትሠሩና ለነጋዴ ለምታስተዋውቁ ወጣቶች፤

ዕድሜዬን የፈጀሁት በክፍያ ሥራ ነው። ከእናንተ ዘንድ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል ያሳስበኛል፤ «ነጋዴው አልገባውም» የሚለው። እባካችሁ ተዉት። ጥሬ ገንዘብ አልለቅም ያለ ትንሽ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን ሠርቶ ነው።

እናንተም ሥሩት። ከ100 ሽያጭ 5 በሚያተርፍ ሰው ላይ 2 በመቶ ኮሚሽን ስትጥሉ፣ ከትርፉ 40 በመቶውን ወሰዳችሁበት። የቤቱ ወጪ ከዚያው ነው የሚወጣው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባንኮች በካርድ ክፍያ ላይ የሚቀባበሉትንና ዞሮ ዞሮ ነጋዴው ላይ የሚያርፈውን ኮሚሽን ለዴቢት (ከራስ ሒሳብ ለሚከፈልበት) ካርድ 0.2፣ ለክሬዲት (በብድር ለሚከፈልበት) ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ገድቦታል። ጉዳዩ ሕግ እስከማስወጣት የሚያደርስ ነው።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። የዛሬ ሽያጭ ከነገ ወዲያ አካውንቱ የሚገባ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ዕቃ በምን ይገዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ፒክስ የተባለው የብራዚል የክፍያ ሥርዓት ገንዘቡን በሴኮንዶች ያደርሳል፤ ሌሊት፣ በዓል አይልም። እኔ እንደ ትልቅ ነገር የማየው ይህን ነው።

ደንበኛ በተደራረበበት ሰዓት አንዱ ስልኩን ያሳይና «ልኬያለሁ» ይላል። ስክሪንሹቱ የውሸት ሊሆን ይችላል። የነጋዴው ስልክ ላይ ምንም አልገባም። ይጣላ ወይስ ዕቃውን ይስጥ? በህንድ ሱቆች ክፍያ ሲገባ መጠኑን ጮክ ብሎ የሚናገር ትንሽ ድምፅ ማጉያ የተስፋፋው ይህን ጭንቀት ስለሚያቃልል ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውንም አስቀድማችሁ አስቡበት።

ስለ ግብር ማንሳት ትፈራላችሁ። ዲጂታል ክፍያ መዝገብ ይተዋል፤ መዝገቡ ብድር ሊያስገኝለት፣ ግብርም ሊያስጨምርበት ይችላል። ሁለቱንም ንገሩት። አንዱን ደብቃችሁ ካስፈረማችሁት፣ ያወቀ ዕለት ለጎረቤቶቹም ይነግራል።

በግድ የሚሆን ነገር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶችን በድንገት ስትሰርዝ ዲጂታል ክፍያ ተመነደገ። ነገር ግን በገበያ የሚዘዋወረው ጥሬ ገንዘብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከቀድሞው መጠን አለፈ።

አንድ ምክር ልጨምር። ነጋዴው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ዕቃ የሚያመጣለትን አከፋፋይ አናግሩ። አከፋፋዩ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አልሸጥም የሚል ከሆነ፣ በስልኩ የገባውን ብር መልሶ ለማውጣት የሚንገላታው ነጋዴው ነው። አከፋፋዩ በስልክ መቀበል ሲጀምር ግን፣ ነጋዴው ራሱ ሊጠራችሁ ይችላል።