ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልክፍት ነው» የተባለችው እህቴ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሞጣ ነው። ጤነኛ የነበረችው የ19 ዓመት እህቴ ከአንድ ወር በፊት ራስ ምታትና ትኩሳት ያዛት። በሳምንቱ እንቅልፍ አጣች፤ ብቻዋን ታወራለች፣ «ሊገድሉኝ ነው» ትላለች። ጸበል ወሰድናት። በኋላ የአእምሮ መድኃኒት ሲጀመርላት እጅ እግሯ ግትር አለ፤ ሁለት ጊዜም ጥሎ አንዘፈዘፋት። አሁን አትናገርም፤ አፏ ግን ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ይንቀሳቀሳል። ዘመድ ልክፍት ነው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ያድርሷት። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ያ የአፏ እንቅስቃሴ ነው። ሳላያት ይህ ነው ልል አልችልም። ሆኖም ትኩሳት፣ የባሕርይ ለውጥ፣ መንዘፍዘፍና ዝምታ በሳምንታት ውስጥ ሲከታተሉ አንጎል ራሱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ተለይቶ የታወቀ አንድ ሕመም አለ። ሰውነት ተሕዋስያንን ሊዋጋ የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ተሳስተው በአንጎል ውስጥ ያሉትን ኤንኤምዲኤ የተባሉ መልእክት ተቀባዮች ያጠቃሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ወጣት ሴቶች ናቸው። በአንዳንዶቹ መነሻው በእንቁላል ማምረቻቸው ላይ የበቀለ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ነው። ዕጢው ፀጉርና ጥርስ ብቻ ሳይሆን የነርቭ ሕዋስም ሊይዝ ስለሚችል፣ ሰውነት እርሱን ሊያጠፋ ያዘጋጀው መሣሪያ አንጎልንም ይመታል። ሉፐስ የሚባለው፣ ሰውነት የራሱን ክፍሎች የሚያጠቃበት ሌላ ሕመምም አእምሮን ሊያውክ ይችላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የፊት ሽፍታ ነበራት?

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን እንድትላክ ይጠይቁ። በቅድሚያ ወባና ማጅራት ገትር ይጣራሉ። ከወገቧ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል ቢባሉ እሺ ይበሉ፤ «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ስንቱን ቤተሰብ ከምርመራ አስቀርቷል! መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ዕጢው መኖር አለመኖሩ እንዲታወቅ ሆዷም በአልትራሳውንድ ይታይ። ግትርነቱ ከመድኃኒቱ በኋላ መምጣቱን ሳይረሱ ይንገሯቸው፤ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ለአእምሮ መድኃኒት ሰውነታቸው ስስ ነው።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጡ፣ ሰውነት ራሱን ማጥቃቱን የሚያረጋጉ ስቴሮይድና ኢሚውኖግሎቡሊን የተባሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ዕጢ ካለ ይወጣል። በጊዜ ከተጀመረ አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ ወራት ግን ይፈጃል።

የአፏን እንቅስቃሴ በስልክዎ ቀርጸው ይያዙ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ጸበሉን አልከለክልም፤ ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ሳለች ጸበልም ሆነ አጥሚት በግድ አያጠጧት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል።