ዴይኬር እየሠሩ መማር፦ ሲዲኤ ይሻላል ወይስ ኮሌጅ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዴይኬር ውስጥ ረዳት ነሽ። ሀገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። ግሪን ካርድ አለሽ። ዳይሬክተሯ «ሲዲኤ ያዢ» ትልሻለች፣ የትንንሽ ልጆች አስተማሪነት የሙያ ምስክር ወረቀቱን ማለቷ ነው፣ ጓደኞችሽ «ኮሌጅ ግቢ፣ ስኮላርሺፕ ሞልቷል» ይሉሻል። የቱን ልከተል ነው ያልሽው። እኔም ከረዳትነት ተነስቼ፣ ሲዲኤ ይዤ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ተምሬ ነው አሁን መሪ አስተማሪ የሆንኩት። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ገንዘቡ አለ። ለዚህ ሙያ ተብሎ የተመደበ የመማሪያ ገንዘብ ሜሪላንድም ዲሲም ውስጥ አለ። ሰው የሚያንሰው ብር ሳይሆን ጊዜ፣ ወረቀትና የአለቃ ፊርማ ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ትችያለሽ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ገንዘብ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዘ ሰው ነው። በ2024/25 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር፣ ቀላል ብር አይደለም። የኢትዮጵያ ዲግሪም ዲግሪ ነው። «እዚህ ማን ያውቀዋል፣ ባልጽፈውስ?» የሚሉ አይጠፉም። አትስሚያቸው። ፎርሙ ላይ የምትፈርሚው የሞላሁት እውነት ነው ብለሽ ነው። የአራት ዓመት ዲግሪ ሳይሆን የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ያላችሁ ግን ይሄ አይመለከታችሁም፣ ዛሬውኑ ሙሉ።

እና ዲግሪዬ ጎዳኝ ማለት ነው እንዳትይ። ደብሊው ኢ ኤስን በመሳሰሉ ድርጅቶች ካስገመገምሽው፣ የወሰድሽው ሒሳብና ስታትስቲክስ ከኮሌጁ ጠቅላላ ትምህርት ውስጥ አንዳንዱን ሊያስቀርልሽ ይችላል። ስታስገመግሚ ኮርስ በኮርስ የሚተነተነውን ምረጪ። አጭሩ ርካሽ ነው፣ ግን ለክሬዲት ዝውውር አይረባም። ትራንስክሪፕቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ሀገር ቤት ሬጅስትራር ደጅ የሚጠናልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ወንድምም ይሁን የድሮ ዶርም ጓደኛ፣ ብቻ የማይሰለች ይሁን። ከሁሉም የሚጎተተው እሱ ስለሆነ ዛሬ ደውዪ።

አሁን ወደ ሲዲኤ። የ120 ሰዓት ሥልጠና ይፈልጋል፣ በስምንት ርዕሶች፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰዓት። ከልጆች ጋር የተሠራ 480 ሰዓትም ይጠይቃል። ሙሉ ሰዓት ለምትሠራ ሰው ይሄ ሦስት ወር ገደማ ነው፣ አያሳስብም። ከዚያ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራሽን ማስረጃ የያዘ ማህደር ታዘጋጃለሽ፣ ባለሙያ መጥታ ክፍልሽን ታያለች፣ 65 ጥያቄ ያለው ፈተና በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትፈተኛለሽ። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

ሜሪላንድ ደግሞ ሁላችንም «ዘጠና ሰዓት» የምንለው ሥልጠና አለ። 45 ሰዓት የልጆች ዕድገት፣ 45 ሰዓት የማስተማሪያ ዘዴና መሣሪያ። ይሄን ከማሠልጠኛ ድርጅት መውሰድ ትችያለሽ፣ ወይም ኮሌጅ ገብተሽ በክሬዲት። ብዙዎቻችን ቶሎ ያልቃል ብለን ማሠልጠኛውን እንመርጣለን። እኔን ከጠየቅሽኝ በክሬዲት ውሰጂው። ባለ ሦስት ክሬዲት አንድ ኮርስ 45 ሰዓት ነው። ለዘጠና ሰዓቱም ይያዝልሻል፣ ለሲዲኤው 120 ሰዓትም ይቆጠርልሻል፣ ትራንስክሪፕትሽ ላይም ይቀመጣል። ከማሠልጠኛ የምታገኚው ሰርተፊኬት ግን ኋላ ኮሌጅ ስትገቢ ብዙ ጊዜ እንደገና ተማሪ ያሰኝሻል። ለዚህ ነው «ሲዲኤ ወይስ ኮሌጅ» የሚለው ጥያቄ የማይዋጥልኝ። በክሬዲት ከጀመርሽ ሲዲኤው መንገድ ላይ ይገኛል፣ ዳይሬክተርሽም ደስ ይላታል።

ማን ይክፈል ላልሽው፦ የሜሪላንድ ትምህርት መሥሪያ ቤት የዴይኬር ሠራተኛን በደረጃ የሚመዘግብበት ክሬደንሻል ፕሮግራም አለው። በዚያ ተመዝግቦ የተወሰነ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው የኮሌጅ ክፍያና መጽሐፍ የሚሸፍን ፈንድ አለ፣ ስሙ ቻይልድ ኬር ካሪየር ኤንድ ፕሮፌሽናል ዴቨሎፕመንት ፈንድ ነው። በዚህ የሚቀበሉ ኮሌጆች የተወሰኑ ናቸው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አንዱ ነው፣ ካምፓሱም እዚያው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አጠገብሽ ነው። ፈቃድ ያለው ቦታ መሥራት ግዴታ ነው። ሰው ቤት ሞግዚት ሆነሽ በካሽ የሚከፈልሽ ሥራ አይቆጠርም። ስትጨርሺም በሙያው ለመቆየት ትፈርሚያለሽ። ይህቺን አንቀጽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። «እስከምመረቅ ነው፣ ከዚያ ነርሲንግ እገባለሁ» ብለሽ ካሰብሽ ይሄ ስኮላርሺፕ ያንቺ አይደለም።

ጆርጂያ አቬኑን ወርደሽ ዲሲ ብትሠሪ ነገሩ ይለያል። እዚያ ያለው ቲች የሚባለው የዴይኬር ሠራተኞች ስኮላርሺፕ ነው፣ በ1990 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተስፋፋ። ወጪውን ስኮላርሺፑ፣ ቀጣሪሽና አንቺ ትካፈሉታላችሁ፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ስኮላርሺፑ ነው። ዲሲ መማርን የግድ ያደረገችውም በ2016 ባወጣችው ደንብ ነው፦ ረዳት ሲዲኤ፣ መሪ አስተማሪ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይኑራቸው አለች። ተከስሳም በ2022 ፍርድ ቤት ደንቡን አጸናላት። በዚያው ዓመት የዴይኬር አስተማሪዎችን ክፍያ የሚያሻሽል ፔይ ኢኩቲ ፈንድ ተጀምሮ ለረዳቶች እስከ 10,000፣ ለመሪዎች እስከ 14,000 ዶላር ተከፈለ። በኋላ ግን ገንዘቡ በየዴይኬሩ በኩል በደመወዝ እንዲመጣ ተደረገ። ስለዚህ የድሮውን የፌስቡክ ወሬ ሰምተሽ ቼክ ይላክልኛል ብለሽ ሥራ እንዳትቀይሪ። ዲሲ ከሄድሽ ዴይኬሩ በፕሮግራሙ ውስጥ መሆኑን ጠይቂ።

አለቃ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቲች ላይ ቀጣሪሽ ካልፈረመ ነገሩ አለቀ። ሜሪላንድም ቢሆን የሥራ ማስረጃ የሚጽፍልሽ አለቃሽ ነው። አንድ ቦታ ስሠራ ዳይሬክተሯ ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ «ነገ፣ ነገ» ስትለኝ ማመልከቻው ተዘጋ። ከተማርኩ እንደምሄድ ገብቷታል። ሄድኩም። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ከደመወዝ ቀጥለሽ «ለሚማር ሠራተኛ ሰዓት ታስተካክላላችሁ ወይ?» በይ። የሚያቅማማ ካየሽ መልሱን አግኝተሻል።

እንግሊዝኛዬስ ላልሽው፣ ለሲዲኤ የምትጽፊያቸው ስድስት ጽሑፎች አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ500 ቃል አይበልጥም። ክፍልሽ ውስጥ ምን እንደምታደርጊና ለምን እንደምታደርጊ ነው የሚጠይቁሽ። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ስልኬ ላይ ቀድቼ፣ ከዚያ በአጭር አጭር እንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን አትግዢ። ባለሙያዋ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ሥራሽ ታወራሻለች፣ የሰው ጽሑፍ ያኔ ያስታውቃል።

የጉብኝቱ ቀን ደግሞ፣ እኛ ሐበሾች በልጅ ፍቅር አንታማም፣ የሚያስቸግረን እጃችን ነው። ምሳ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ትንሿን ጆግ በሁለት እጁ ይዞ ወተት ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። ወዲያው ቀምተን ልንቀዳለት፣ አልበላም ካለም ልናጎርሰው ያምረናል። የሚፈለገው ግን ልጁ ራሱ እንዲቀዳ ነው። ሲፈስ ፎጣ ትሰጪዋለሽ፣ «የት የት ፈሰሰ? በምን እናድርቀው?» እያልሽ አብራችሁ ትጠርጋላችሁ። ዳይፐር ስትቀይሪም ዝም ብለሽ አትሥሪ፣ አዋሪው። የልጁን እጅ ታጥቢያለሽ፣ ጠረጴዛውን ታጸጃለሽ፣ ከዚያ የራስሽን እጅ። ሁልጊዜ እንዲህ የምትሠሪ ከሆነ ያን ቀን አትደነግጪም።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ትራንስክሪፕቱን አስልካለሁ፣ ክሬደንሻሉ ላይ እመዘገባለሁ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ የማታ ኮርስ እይዛለሁ። አንድ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ልጅ ሲጎትትሽ ውለሽ ሁለት ኮርስ አይገፋም፣ በተለይ ቤትሽም ልጅ ካለ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፦ ክፍልሽ የስንት ዓመት ልጆች ነው? እስከ ሦስት ዓመት ከሆኑ የኢንፋንት ቶድለር ሲዲኤ ነው የምትመርጪው፣ ከሦስት እስከ አምስት ከሆኑ ፕሪስኩሉ። ጉብኝቱ የሚደረገው በመረጥሽው ዕድሜ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ሰው ጎደለ ተብሎ ወደ ሌላ ክፍል እንዳትዛወሪ ካሁኑ ከዳይሬክተርሽ ጋር ተነጋገሪ። ዕድሜያቸውን እዚህ ጻፊልኝ፣ የቀረውን እንነጋገራለን።