ለመጀመሪያ ማራቶንሽ፦ ገንዘቡን አስቀድሚ፣ እግርሽን አታቻኩዪ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኤፕሪል 26 ቀን 2026 ለሚካሄደው የለንደን ማራቶን በአንድ የኩላሊት ሕሙማን በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ቦታ አግኝተሻል። 2,000 ፓውንድ ማሰባሰብ አለብሽ። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠሽ አታውቂም። ዐቢይ ጾምንም ትጾሚያለሽ። “ካልጨረስኩስ የሰዉን ገንዘብ ልመልስ ነው?” ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም በበጎ አድራጎት ቦታ ገብቼ፣ ጾሜን ሳልፈታ ተለማምጄ ስለሮጥኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ብዙ ሰው ልምምዱን ያስቀድምና ገንዘቡን “ሲቃረብ አደርሰዋለሁ” ይላል። እኔ ግን ገንዘቡ ይቅደም ባይ ነኝ። ማርች ላይ ሥራ ውለሽ፣ ጾመሽ፣ ረጅም ሩጫ ሮጠሽ ስታበቂ፣ ማታ ደግሞ ለመዋጮ ስልክ መደወል ያቅትሻል። ጥምቀት ሳያልፍ ግማሹን ከያዝሽ፣ ጾሙ ሲገባ ሐሳብሽ እግርሽ ላይ ብቻ ይሆናል።

የመዋጮ ገጽሽን ጀስትጊቪንግ በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ወይም ድርጅቱ በሚነግርሽ ቦታ ክፈቺ። ለሁሉም ከመላክሽ በፊት ግን አንድ የቅርብ ዘመድ የመጀመሪያውን መዋጮ ጠቀም አድርጎ እንዲያስገባ ለምኚ። ሰው ገጹን ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው ከእሱ በፊት የሰጠው ላይ ነው። ከዚያ ግሩፕ ላይ ሊንክ ለጥፎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም። ስም ጠርተሽ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፊ። ደመወዝ በሚገባበት በወሩ መጨረሻ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ጊፍት ኤድ የሚባለውንም በደንብ እወቂው። እዚህ እንግሊዝ ግብር የሚከፍል ሰው ከራሱ ገንዘብ ሲለግስ መዋጮ ገጹ ላይ ያለችው የጊፍት ኤድ ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ፣ ከከፈለው ግብር ተወስዶ የሰጠው ገንዘብ 25 በመቶ ይታከልበታል። 10 ፓውንዱ 12.50 ይሆናል፤ ለጋሹ ምንም አይጨምርም። የእኛ ሰው ግን እጅ በእጅ መስጠት ይወዳል። ከሰው የሰበሰብሽውን ጥሬ ገንዘብ በራስሽ ካርድ ስታስገቢ ያቺን ሳጥን እንዳትነኪያት። ገንዘቡ ያንቺ አይደለምና አይፈቀድም። የሚጠበቅብሽ 2,000 ጊፍት ኤድን ይጨምር አይጨምርም፣ ከወዲሁ ድርጅቱን ጠይቂ። ብዙዎቹ አይቆጥሩትም።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሠራልኝ ቡና ነው። ጎረቤትና ወዳጅ ጠርቼ ቡና አፈላሁ፣ ፈንድሻ በተንኩ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ደብተር አስቀመጥኩ። የሰጠ ሁሉ ስሙንና የሰጠውን ይጽፋል። አንዲት እናት ሃያ ፓውንድ ከመቀነታቸው ፈትተው ብዕሩን ለልጃቸው አቀበሉና “በአባትሽ ስም ጻፊልኝ” አሉ። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያች ደብተር ላይ የራሳቸውን ስም ሳይሆን የሟች ዘመዳቸውን ስም የሚያስጽፉ በዙ። አንቺም አባትሽ ዲያሊስስ (በማሽን የሚደረግ የኩላሊት እጥበት) ላይ እንደነበሩ ጽፈሻል። ያንን ለሰው ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለማሰባሰብ ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅጂ። መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

“ለአገራችን ድርጅት ለምን አይሆንም?” የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አትከፊ፣ ጥያቄው ከቁጭት የመጣ ነው። መልስ አለሽ። እዚህ አገር ጥቁሮች ለኩላሊት መድከም ያላቸው ተጋላጭነት ከነጮች ከፍ ያለ ነው፣ ለንቅለ ተከላም ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የኛም ሕመም ነው። ይህን ስታስረጂ ሰው ገንዘብ ከመስጠቱም አልፎ የደም ግፊቱን መለካት ያስታውሳል። እኔ በግሌ ይህ ከገንዘቡ የማይተናነስ ጥቅም ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሩጫው። ከ5 ኪሎ ሜትር ተነስቶ 42.195 ኪሎ ሜትር መድረስ ይቻላል፤ 20 ሳምንት ገደማ ካለሽ አይከብድም። በሳምንት ሦስት ቀን ሩጪ፤ ሁለቱ አጫጭር፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርሽ፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ ደግሞ ቀነስ እያደረግሽ እስከ 30 ኪሎ ሜትር አድርሺው። ከዚያ በላይ አያስፈልግሽም። ፍጥነትሽን በወሬ ለኪው፦ እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። መራመድም አያሳፍርም። ጥቂት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ ብዙ ጀማሪዎችን ለመጨረሻው መስመር ያበቃ ዘዴ ነው። ሩጫው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ርቀቱን ቀንሺ። ጫማ በሩጫ መደብር አስለክተሽ ግዢ፤ ረጅም ሲሮጥ እግር ስለሚያብጥ ከጣትሽ ፊት ትንሽ ቦታ ይኑረው።

ጾሙ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም የእንግሊዝኛው የልምምድ መጽሔት ይህን አይነግርሽም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ሩጫው ሚያዝያ 18። የልምምድሽ ከባድ ሳምንታት በሙሉ ጾሙ ውስጥ ወድቀዋል ማለት ነው። ግን አትፍሪ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ፣ አጫጭሮቹን ሩጫዎች ማታ፣ ከበላሽና ከጠጣሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርጊያቸው። ረጅሙን ቅዳሜ አድርጊው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማንከለከል ጠዋት በልተሽ መውጣት ትችያለሽ። እሑድ ለቅዳሴ ነው፤ ከቆረብሽ ደግሞ የ18 ሰዓቱ ጾም ከቅዳሜ ከሰዓት ስለሚጀምር ቅዳሜ ጠዋት ሮጠሽ፣ በቂ በልተሽና ጠጥተሽ መግባት አለብሽ። እንደዚያ የምትችዪው ካልመሰለሽ ቁርባኑንና 30 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሳምንት አታድርጊያቸው። ለማንኛውም የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እኔ ሳማክር ከጠበቅሁት በላይ አስተዋይ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።

የጾም ምግባችን ለሯጭ የተመቸ ነው። እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ባቄላ አለ። በሶ ደግሞ ከሩጫ በፊት የሚስተካከለው የለም፤ በጥብጠሽ ጠጪው። ሩጫ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ነገር ወደ አፍሽ አድርጊ፤ ተምር ለእኔ ሯጮች ለጉልበት ከሚወስዱት ጣፋጭ ጄል ይሻለኛል። የሚታኘኩትን ከረሜላ መሰል ነገሮች ከመግዛትሽ በፊት ማሸጊያውን አንብቢ፤ ብዙዎቹ ጄላቲን አላቸው፣ እሱ ከእንስሳ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጂፒሽ (የሰፈር ሐኪምሽ) ዘንድ ሄደሽ ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸ የብረት ማዕድን መጠን) እና ቫይታሚን ቢ12 አስመርምሪ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂያቸው። ለኛ ሰው ከባዱ ምክር ይሄ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፋሲካ ላይ ብዪ፣ ተደሰቺ፤ ሁለት ሳምንት አለሽ። ግን በሩጫው ዋዜማ በርበሬም፣ ሽሮም፣ ክትፎም ይቅር። ነጭ ሩዝ ወይም ፓስታ ይበቃሻል።

በዕለቱ ከብላክሂዝ ስትነሺ የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች በአብዛኛው ቁልቁለት ናቸው። ሁሉም ሰው ያልፍሻል። ይለፍሽ። ታወር ብሪጅ 20ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጩኸቱ ያስለቅሳል፣ ግን ገና ግማሽ አልሞላም። ካናሪ ዋርፍ ውስጥ ሰዓትሽ በፎቆቹ ምክንያት ርቀቱን ይሳሳታል፤ የመንገዱን ምልክት እመኚ። ቤተሰብሽ ሊያይሽ ከፈለገ ዘ ሃይዌይ የሚባለው ጎዳና ላይ ይቁሙ። 21ኛው ላይ ስትሄጂ፣ 35ኛው ላይ ስትመለሺ ሁለቴ ያገኙሻል። 35ኛው ላይ ያገሬ ልጆች ባንዲራ ይዘው በአማርኛ “አይዞሽ!” ሲሉኝ የሰጡኝን ጉልበት ዛሬም አልረሳውም። በ2025 ትዕግስት አሰፋ በ2:15:50 የሴቶች ብቻ ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንቺም ያንኑ አስፋልት ነው የምትረግጪው።

ውኃ ሲጠማሽ ብቻ ጠጪ። በየጣቢያው መጋት፣ በተለይ ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው፣ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አውርዶ አደጋ ያመጣል። ሕመም ተሰማኝ ብለሽም አይቡፕሮፌን እንዳትውጪ። በረጅም ሩጫ ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለኩላሊት የምትሮጪ ሰው ነሽና ይህን ለሌሎችም ንገሪ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ። ሰው የሰጠው ለድርጅቱ ነው፣ ስላልጨረስሽ አይመለስም። ደግሞም ትጨርሺያለሽ፤ ከኋላ ሆነው የመጨረሻዎቹን ሯጮች የሚያጅቡት ሰዎች የሚጓዙት በ8 ሰዓት በሚያስጨርስ ፍጥነት ነው፣ ይህ ደግሞ ፈጠን ካለ እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ከተጎዳሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ለድርጅቱ ንገሪ፤ ቦታው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንደሆነና ስለ 2,000ው ምን እንደሚሉ የፈረምሽው ውል ላይ አለ፣ ዛሬውኑ አንብቢው። የመሮጫ ቁጥርሽን ለጓደኛ ማስተላለፍ ክልክል ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ሐኪሞቹ ማንነትሽን የሚለዩት በእሱ ነው። ስትረከቢ ጀርባው ላይ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶችና የቅርብ ሰው ስልክ በእስክሪብቶ ሙዪ።